አንጀታችን እንዴት ተጀመረ?

«ጋስትሩላ» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደነዋል። ምንድን ነው ሲሉን ግን መሬት መሬት እናያለን። ነገ ተማሪ ፊት የምንቆመው እኛው ነንና ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ክረምት ገብቶ በአዋሽ ዳር ኩሬው ሲሞላ እንቁራሪት እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ትጥላለች። የዳበረው እንቁላል አንድ ህዋስ ነው። ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እያለ ይከፈልና ውስጡ ክፍት የሆነ ድቡልቡል ኳስ ይሆናል፤ ይህ ብላስቱላ ይባላል። በዚህ ጊዜ አፍም ሆድም የለውም።

እንደ ውሃው ሙቀት አንድ ቀን ገደማ ሲሆነው፣ በኳሱ ጎን ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠች ስንጥቅ ትታያለች። ላይ ላዩን የነበሩ ህዋሶች በስንጥቋ ከንፈር ላይ እየተጠቀለሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። የሹራብ እጅጌን ጫፍ ወደ ውስጥ ስንገለብጥ እንደሚሆነው ማለት ነው። ውስጥ የሚፈጠረው አዲስ ከረጢት የመጀመሪያው አንጀት፣ በሳይንስ ስሙ አርኬንቴሮን ነው። እሱ ሲሰፋ የቀድሞው ክፍት ቦታ እየጠበበ ይጠፋል።

በዚሁ ሂደት ፅንሱ ሦስት ንብርብር ይሆናል። ከውጭኛው ቆዳና ነርቭ፣ ከመካከለኛው አጥንት፣ ጡንቻና ደም፣ ከውስጠኛው የአንጀት ሽፋንና ጉበት ይወጣሉ።

የሚገርመው፣ ያቺ ቀዳዳ አፍ አትሆንም! የምትገኘው በፊንጢጣ በኩል ነው፤ አፍ ኋላ በሌላው ጫፍ ይከፈታል። በምድር ትል ግን ተቃራኒው ነው።

ከንፈሯም ቀላል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሐንስ ሽፔማንና ተማሪው ሂልዴ ማንጎልድ ይህችን ከንፈር ጅራት ካላት የእንቁራሪት ዘመድ ፅንስ ቆርጠው በሌላ ፅንስ ላይ ቢተክሏት፣ እዚያው ሁለተኛ ፅንስ ተበጀ። ሽፔማን በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሂልዴ ግን ጥናቱ በታተመበት ዓመት፣ ገና በ25 ዓመቷ፣ በቃጠሎ አደጋ ሞታ ነበር።

የዶሮ ፅንስ በአስኳሉ ላይ እንደ ቂጣ የተዘረጋ ስለሆነ ህዋሶቹ የሚገቡት በቀጭን ቦይ ነው፤ ኋላ ታጥፎ ቱቦ ይሆናል። የሰውም እንዲሁ ነው፦ በ3ኛው ሳምንት ንብርብሮቹ ይሠራሉ፣ በ4ኛው የአንጀት ቱቦ ይበጃል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የቱቦው መጨረሻ ሳይከፈት የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከ5,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ፊንጢጣው በደንብ ሳይከፈት ይወለዳል። ይህ እርግማን አይደለም፣ የእናትም ጥፋት አይደለም። ሕፃኑ እንደተወለደ ማየት፣ ቀዳዳው ከሌለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ማድረስ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

በየገጠሩ ስንመደብ ይህን የሚጠይቁን እናቶች ይኖራሉ። ያን ጊዜ መሬት መሬት እንዳናይ ዛሬ ገብቶን እንማር።