ቸርኬና የጠጠር መንገድ፦ ብረት ወይስ የአሉሚኒየም ቅይጥ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ በሕዝቡ ዘንድ «የቻይና መንገድ» የሚባለው ጎዳና፣ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ዋና መተላለፊያ ነው። ከዚህ አስፋልት ተገንጥሎ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የሚያቀና ተሽከርካሪ ግን ረጅም የጠጠርና የኮረኮንች ጉዞ ይጠብቀዋል። በከተማ የመልክ ጉዳይ የሚመስለው የቸርኬ ምርጫ በዚህ አካባቢ ሌላ ትርጉም አለው። እዚህ ዋናው ጥያቄ የትኛው ቸርኬ ይበልጥ ጠንካራ ነው የሚለው አይደለም። ቸርኬው ሲጎዳ እንዴት ይጎዳል፣ ጉዳቱንስ በቅርብ ማን ሊጠግነው ይችላል የሚለው ነው።

የብረት ቸርኬ ከሁለት የተጨመቁ ላሜራዎች፣ ማለትም ከጠርዙና ከመሐል ሳህኑ፣ በብየዳ የሚገጣጠም ነው። በዝቅተኛ ዋጋ መኪኖች ላይ የሚታየው የቅይጥ ቸርኬ ደግሞ በአብዛኛው 7 በመቶ ያህል ሲሊከንና ጥቂት ማግኒዥየም ያለበት አሉሚኒየም ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስስበት ነው። ከዚያም እስከ 540 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ይሞቃል፤ በውኃ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በመጨረሻም በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ቆይቶ ይጠነክራል። ቀላልነቱ ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ይነገራል። የአሉሚኒየም እፍጋት በኩብ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም፣ የብረት 7.85 ግራም መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የአሉሚኒየም ግትርነት የብረት ሲሶ ገደማ ስለሆነ ቸርኬው ወፍሮ መሠራት አለበት፤ በትንንሽ መኪኖች ልክም የክብደቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ኪሎ ግራም አይበልጥም።

ወሳኙ ልዩነት ጎማው ሹል ድንጋይ ሲመታ ይገለጣል። ለቸርኬ የሚውለው ብረት ከመበጠሱ በፊት በተለምዶ ከርዝመቱ ከ20 በመቶ በላይ ሊሳብ ይችላል፤ ቀልጦ የፈሰሰው ቅይጥ ግን በአብዛኛው 10 በመቶ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ የብረቱ ጠርዝ ይጎብጣል፤ ቱብለስ ጎማ ከሆነ አየሩ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ አሽከርካሪውም ጉዳቱን አይቶ ለመቆም ጊዜ ያገኛል። ቅይጡ ቀላል ምት ሲያገኘው ቅርጹን ጠብቆ ይቆያል፤ ይህም አስፋልት ላይ ጥቅሙ ነው። ምቱ ከአቅሙ ሲያልፍ ግን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከጠርዙ ጀርባ፣ ከመኪናው ሥር ካልታየ በቀር በማይገኝበት በኩል ተሰውሮ፣ በየዕለቱ ንቅናቄ ሊያድግም ይችላል።

ጥገናው ልዩነቱን ያሰፋዋል። የጎበጠ የብረት ጠርዝ በመዶሻና በደጋፊ ብረት ሊቃና፣ አየር አልይዝ ካለም የውስጥ ጎማ ገብቶለት እስከ ቀጣዩ ከተማ ሊደርስ ይችላል። ይህ ፍጹም ጥገና አይደለም፤ የሚደነቅም አይደለም፤ ግን ከማንኛውም ጎሚስታ አቅም በላይ አይደለም። በቅይጥ ላይ ሲበየድ የሚሆነው ሌላ ነው። የብየዳው ሙቀት በፋብሪካ የተገኘውን ጥንካሬ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያጠፋዋል፤ እንደገና ለመመለስ በሙቀት የማጠንከሩ ሂደት ሙሉ በሙሉ መደገም አለበት። ያለዚያ ከላይ ቀለም ተቀብቶ አዲስ የመሰለ ቸርኬ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተጣለው የኤክሳይስ ታክስ ያገለገሉ መኪኖችን እጅግ ስላስወደደ፣ አሮጌ መኪኖችና የተለቀሙ ቸርኬዎች ለረጅም ዘመን ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወራቸው ይህን አደጋ ያከብደዋል። በቀለም የተሸፈነ የቅይጥ ቸርኬ የሚገዛ ሰው የውስጥ ጠርዙን ሳያይ ዋጋ መነጋገር የለበትም።

ብዙ ጊዜ ለቅይጡ የሚሰጠው ወቀሳ ግን ከፊሉ የጎማው ነው። ወርዱ 175 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ የሆነ የ14 ኢንች ጎማ 114 ሚሊ ሜትር ያህል ጎን አለው። ባለቤቱ ለውበት ወደ 15 ኢንች ቸርኬ ሲያሳድግ ወርዱ 195፣ ጎኑ 50 በመቶ የሆነ ጎማ ቢገጥም የጎኑ ቁመት ወደ 97 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ብዙም ሳይለወጥ፣ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ያለው ትራስ በ16 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሳሳል። የብረት ቸርኬ እንኳ በዚህ ልክ ቢገጠም በጠጠር መንገድ ላይ ዕድሜው ያጥራል።

ቅይጥ ሙቀትን ከብረት በተሻለ ያስተላልፋል፤ ይህ በጨጨሆ ቁልቁለት ላይ ለፍሬን ይጠቅማል ቢባል ስሕተት አይሆንም። ይሁን እንጂ በቁልቁለት የፍሬንን ሙቀት የሚወስነው ከቸርኬው ይልቅ አሽከርካሪው የሚመርጠው ማርሽ ነው። የብረት ጉድለት ዝገት ነው፤ በአገራችን መንገድ ላይ ጨው ስለማይበተን ግን ዝገቱ ዝግተኛ ነው። የበለጠ ትኩረት የሚሻው ዳዶ ነው። አንዳንድ የቆዩ የቶዮታ ቅይጥ ቸርኬዎች ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ሲይዙ፣ የብረት ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። አራቱ ጎማ ቅይጥ፣ መለዋወጫው ብረት የሆነበት መኪና ሁለቱንም ዓይነት ዳዶ ይዞ ካልተጓዘ፣ መለዋወጫው የታሰረ መስሎ ሊላላ ይችላል።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተገለጸ ወዲህ ጥያቄው አዲስ መልክ ይዟል። የኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ናቸው፤ ብዙዎቹ የቅይጥ ቸርኬ ይዘው ይመጣሉ፤ በመለዋወጫ ጎማ ፈንታም የማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ የአየር መንፊያ ብቻ የሚሰጥባቸው ጥቂት አይደሉም። ፈሳሹ በሚስማር የተበሳን ጎማ ይደፍናል፤ የተሰነጠቀን ቸርኬ ግን አይደፍንም። ከነፋስ መውጫ ወደ ወገዳ ለሚሄድ እንዲህ ያለ መኪና፣ በልኩ የተሠራ አንድ የብረት ቸርኬ ከነጎማውና ከነዳዶው መያዝ ቢያንስ የሻንጣውን ቦታ ያስከፍላል።