በካምፓላ የቤት ኢንተርኔትና የሊኑክስ ተጠቃሚ

በዛሬው ዘመን የቤት ጌታና የቤት እመቤት ለቤታቸው ከሚያስቡት ነገር አንዱ ኢንተርኔት ሆኖአል። ልጆች ትምህርታቸውን የሚያጠኑበት፤ በባዕድ አገር የሚኖር ሰውም የዘመዶቹን ድምፅ የሚሰማበት መንገድ ነውና። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩበት በካምፓላ፤ በካባላጋላ ሰፈር፤ ይህ ጉዳይ የየቤቱ ጉዳይ ነው።

ዩጋንዳ የባሕር በር የላትም። ስለዚህ የውጭውን ዓለም ኢንተርኔት በብዛት የምታገኘው በኬንያ ጠረፍ ከሚወጡት የባሕር ገመዶች ነው። ከእነርሱም አንዱ፤ ሲኮም የተባለው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት አገሩ በሳተላይት ይገለገል ስለ ነበር ዋጋው ከባድ ነበር። ዛሬ ግን ኤም ቲ ኤን፤ ኤርቴል፤ ሮክ ቴልኮምና ሌሎችም ኩባንያዎች ደንበኛ ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ። ምርጫው በበዛ ቁጥር ማስተዋልም ሊበዛ ይገባል።

ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። አብዛኛው ዐይነቱ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ያረጀውንም ኮምፒውተር እንደ ገና ለሥራ ያበቃል። ስለዚህ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተ ሰብ ትልቅ ረዳት ነው። ነገር ግን የኢንተርኔት ሻጮች ብዙዎቹ የለመዱት ዊንዶውስን ነው። እንግዲህ የሊኑክስ ተጠቃሚ ከፍጥነትና ከዋጋ አስቀድሞ «መስመሩ በቤቴ ውስጥ የሚያልቀው በምን ዕቃ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

መስመሩ በራውተር ላይ የሚያልቅ ከሆነ ችግር የለም። ከኩባንያው ጋር የመገናኘቱን ሥራ ራውተሩ ራሱ ይፈጽማል፤ ኮምፒውተሩም በገመድ ወይም በዋይፋይ ይያያዛል። ዕቃው የኮምፒውተሩን ሥርዓት አይጠይቅም። በዩኤስቢ የሚሰካው ትንሽ ሞደም ግን እንዲህ አይደለም። ከዚህ ዐይነቱ ብዙው በተሰካ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው እንደ ሲዲ ሆኖ ነው፤ በውስጡም ያለው ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ነው። ሊኑክስ ዩኤስቢ ሞድስዊች በተባለ ፕሮግራም ወደ ሞደምነቱ ሊመልሰው ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካም።

ሁለተኛው ጥያቄ የዳታው መጠን ነው። ዐዲሱን የኡቡንቱ ሊኑክስ ዕትም ለማውረድ ብቻ ከ5 ጊጋባይት በላይ ያስፈልጋል። መጠኑ የተወሰነ ውል የገባ ሰው ሥርዓቱን ባደሰበት ቀን የልጆቹን የወር ትምህርት ሊያስቀር ይችላል።

ሦስተኛው፤ «መስመሩ ሲበላሽ ሊኑክስ ያለውን ደንበኛ ትረዳላችሁን?» የሚለው ነው። መልሳቸው «መጀመሪያ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር አምጣ» የሚል እንደ ሆነ፤ ውሉ ወደ ፊት የሚያመጣው ችግር ከአሁኑ ታወቀ ማለት ነው።

የዓመት ክፍያ ቅናሽ ቢኖረውም፤ የሚቻል ከሆነ አስቀድሞ አንድ ወር በራስ ኮምፒውተር ፈትኖ ማየት ይሻላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና፤ ከፊርማ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ የቤተ ሰብን ገንዘብ ይጠብቃል።