በማደሪያ መኪና አይስላንድን ስለ መዞር

ደሴት ማለት ዙሪያው በውሃ የተከበበ ምድር ማለት መሆኑን ሁላችንም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ተምረናል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደሴት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚሉን የጣና ሐይቅ ደሴቶች ናቸው። ወደ እነርሱ የሚኬደው በታንኳ ወይም በጀልባ ነው፤ ከደረሱም በኋላ የሚዘዋወሩት በእግር ነው። በዓለም ላይ ግን በመኪና ለመዞር አንድ ሳምንት የማይበቃባቸው ታላላቅ ደሴቶች አሉ። ከእነዚህ አንዷ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ የምትገኘው አይስላንድ ናት። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው መንገደኞች ይህችን ደሴት መኝታና ማድቤት በውስጧ ባላት መኪና እንዴት እንደሚዞሯትና ይህ ጉዞ ነፃነት ያለበትን ያህል ጥንቃቄን የሚጠይቀው ስለ ምን እንደ ሆነ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ አገሪቱ ጥቂት ልናገር። የአይስላንድ ስፋት 103 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም የአገራችን የኢትዮጵያ ስፋት አንድ አሥረኛ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። የሕዝቧ ቁጥር ግን 400 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክና በአካባቢዋ ይኖራል። የደሴቲቱ መካከል ከፍተኛ ቦታ ሲሆን የበረዶ ግግር፥ ጥቁር አሸዋና ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ሞልቶበታል፤ ሰው አይኖርበትም። ሕዝቡ የሰፈረው በባሕሩ ዳር ዳር ነው። ዋናው መንገድም አሰፋፈሩን ተከትሎ ደሴቲቱን እንደ ቀለበት ይዞራታል፤ ርዝመቱ 1,320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የምድሪቱ ጠባይ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በጂኦግራፊ ትምህርታችን የምድር ቅርፊት በታላላቅ ክፍሎች የተከፈለ መሆኑን ተምረናል። በአይስላንድ መካከል የሰሜን አሜሪካና የኤውራስያ ክፍሎች በየዓመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ ይሄዳሉ። መንገደኛው ሲንግቬሊር በሚባለው ቦታ ይህ መለያየት የፈጠራቸውን ገደሎችና ስንጥቆች በዓይኑ ያያል፤ የአይስላንድ ሰዎች ከ930 ጀምሮ የሕዝብ ሸንጎ ያቆሙትም በዚሁ ቦታ ነበር። በአገራችንም በአፋር ምድር እንዲሁ ያለ ነገር ይሆናል። በ2005 በዳባሁ አካባቢ ከመሬት በታች የተነሣ ቅልጥ ድንጋይ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስፍራ ገብቶ ምድሩን እስከ 8 ሜትር ድረስ ለያይቶታል። ስለዚህ አይስላንድና አፋር አንዱ በብርድ፥ ሌላው በሐሩር የሚታወቁ ቢሆኑም በምድር ጠባያቸው ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መኪናዪቱ እንመለስ። በውጭ አገር ካምፐር ቫን ይሏታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ የማደሪያ መኪና ብዬ እጠራታለሁ። በውጭ ሲያዩዋት ከትንሽ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ብዙም አትለይም። በውስጧ ግን ቀን መቀመጫ፥ ማታ አልጋ የሚሆን ፍራሽ፥ በጋዝ የሚሠራ ምድጃ፥ የውሃ ማጠራቀሚያ፥ ምግብ ማቀዝቀዣ፥ እንዲሁም ሞተሩ ጠፍቶ የሚሠራ ማሞቂያ ይገኛሉ። ቤትን ይዞ መሄድ ግን የዛሬ ዘመን ሰዎች የፈጠሩት ነገር አይደለም። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች የቤታቸውን ቆልማማ እንጨትና ሰሌን በግመል ጭነው ሣርና ውሃ ወዳለበት ሲጓዙ የኖሩ ናቸው። ልዩነቱ እነርሱ የሚሄዱት ለኑሮ፥ የአይስላንድ ጎብኚ የሚሄደው ለማየት መሆኑ ነው።

በሆቴል የሚያድር መንገደኛ ዝናብም ቢዘንብ፥ ነፋስም ቢነፍስ ማታ አስቀድሞ ከያዘው ክፍል መድረስ አለበት። በማደሪያ መኪና የሚሄድ ግን በደቡብ ዝናብ ቢሆን ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ አንዱ ቦታ ቢያስደስተው ሁለት ቀን ይሰነብታል። የማደሪያና የመጓጓዣ ገንዘቡንም በአንድ ላይ ስለሚከፍልና ምግቡን ራሱ ስለሚያበስል፥ ኑሮ እጅግ ውድ በሆነበት በዚያ አገር ወጪው ይቃለልለታል። መኪናዪቱን እዚያው መከራየት ይቻላል፤ ወይም ደግሞ ከዴንማርክ ተነሥቶ ሴይዲስፍዮርዱር ወደምትባለው የምሥራቅ ወደብ በሚሄደው መርከብ የራስን መኪና ጭኖ መግባት ይቻላል።

ጉዞውን በአሥር ቀን ለመፈጸም ያሰበ ሰው በየቀኑ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ይበቃዋል። ብዙዎቹ ከሬይክያቪክ ተነሥተው በደቡቡ ዳርቻ ይጀምራሉ። ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ሴልያላንድስፎስ የሚባል 60 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ አለ፤ ጎብኚው ከውሃው በስተኋላ ባለው ዋሻ መሳይ ቦታ ማለፍ ይችላል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲቀጥሉ ከበረዶ ግግር የተገመሱ ታላላቅ የበረዶ ክምሮች የሚንሳፈፉበት የዮኩልሳርሎን ሐይቅ ይገኛል። ይህ ሐይቅ የተፈጠረው ከ1930ዎቹ ወዲህ የበረዶው ግግር እየቀለጠ ወደ ኋላ በመሸሹ ነው። በምሥራቅ መንገዱ በተራራና በባሕር መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል። በሰሜን የሚቫትን ሐይቅ አለ፤ የስሙ ትርጉም የትንኝ ሐይቅ ማለት ነው። በአጠገቡ ጭቃው እንደ ገንፎ ሲፍለቀለቅና እንፋሎት ከመሬት ሲወጣ ይታያል። ከዚያም በሰሜን ትልቋ ከተማ በአኩሬይሪ በኩል አልፎ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ።

ይህን መንገድ ሠርቶ መጨረስ ግን ቀላል ነገር አልነበረም። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ቫትናዮኩል የሚባል ከኤውሮጳ የበረዶ ግግሮች ሁሉ ከታላላቆቹ የሚቆጠር አለ፤ የአገሪቱን መሬት 8 ከመቶ ያህል ሸፍኖ ይገኛል። ከበረዶው በታች እሳተ ገሞራ ስላለ፥ እሳቱ በተነሣ ጊዜ በረዶው ቀልጦ ድንገተኛ ጎርፍ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ከበረዶው እስከ ባሕሩ ያለው ሰፊ አሸዋማ ሜዳ ድልድይ የማይቆምበት ሆኖ ለረጅም ዘመን ቆየ። ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ዋና ከተማው በመኪና የሚሄድ ሰው ደሴቲቱን በሰሜን በኩል ዞሮ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ በ1974፥ ሰዎች በደሴቲቱ የሰፈሩበት 1,100ኛ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ፥ በስኬይዳራ ወንዝ ላይ ከ800 ሜትር በላይ የሚረዝም ድልድይ ተሠርቶ ቀለበቱ ገጠመ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የተፈራው ደረሰ። በ1996 በመስከረም ወር መጨረሻ ከበረዶው በታች እሳተ ገሞራ ተነሣ። የቀለጠው ውሃ ከአንድ ወር በላይ ከበረዶው ሥር ሲጠራቀም ቆይቶ በኖቬምበር 5 ቀን ፈነዳ። ጎርፉ ቤት የሚያክሉ የበረዶ ቋጥኞችን እያንከባለለ ወርዶ አንዱን ድልድይ ጠርጎ ወሰደ፤ ታላቁንም ድልድይ በከፊል አፈረሰው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው እንኳ አልሞተም። ምክንያቱም የአገሪቱ ሊቃውንት የውሃውን መጠራቀም በየቀኑ ሲከታተሉ ስለ ነበረና መንገዱ አስቀድሞ ስለ ተዘጋ ነው። መንገዱም ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ በጊዜያዊ ሥራ ተጠግኖ ተከፈተ። ዛሬ በጎርፉ የተጠማዘዙት የድልድዩ ብረቶች በመንገዱ ዳር ለመታሰቢያ ቆመው ይታያሉ። የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ በ2009 የስኬይዳራ ወንዝ ራሱ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ሌላ ወንዝ መግባቱና ረጅሙ ድልድይ በደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው።

ይህን ታሪክ በሰፊው የጻፍኩት አለ ምክንያት አይደለም። በአይስላንድ «መንገዱ ተዘግቷል» የሚል ምልክት ሲቆም ከኋላው ሰው የደከመበት ዕውቀት አለ። መኪናዬ ቤቴ ናት፥ የትም ብደርስ አድራለሁ ብሎ ምልክቱን አልፎ የሚሄድ መንገደኛ ራሱንም፥ እርሱን ለማዳን የሚወጡትንም ሰዎች ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ አዋቂ መንገደኛ በየጧቱ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱንና የአየሩን ወሬ ይጠይቃል። የአገሪቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት አደጋ ሲያሰጋ በቢጫ፥ በብርቱካንና በቀይ ቀለም ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነፋሱ ነው። የማደሪያ መኪና ቁመቷ ረጅም፥ ጎኗም ሰፊ ስለሆነ ነፋስ ከትንሽ መኪና ይልቅ ይገፋታል። መኪናዪቱ ቆማ ሳለችም በሩን በግዴለሽነት የከፈተ ሰው ነፋሱ በሩን ከማጠፊያው ሊገነጥልበት ይችላል። ስለዚህ ሲያቆሙ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ፥ አንድ አንድ በር ብቻ በእጅ አጥብቆ ይዞ መክፈት ይገባል።

ሁለተኛው ስለ አነዳድ ነው። መኪና የሚነዳው እንደ አገራችን በቀኝ በኩል ነው፤ እነርሱም ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወሩት በ1968 ነው። ከከተማ ውጭ በአስፋልት 90፥ በጠጠር መንገድ 80፥ በከተማ ውስጥ ደግሞ በተለምዶ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍተኛው ፍጥነት ነው። የመኪና መብራት ቀንም ሌሊትም መብራት አለበት። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ጠባብ ድልድዮች ስላሉ ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ ያልፋል፤ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በበጋ ወራት በጎች እንደ ልባቸው ይሰማራሉ፤ እናቲቱ በመንገዱ በአንድ ወገን፥ ግልገሉ በሌላው ወገን ከታየ ግልገሉ ወደ እናቱ መሮጡ አይቀርምና ፍጥነት መቀነስ ነው። ወደ መካከለኛው ደጋ የሚያስገቡት መንገዶች ደግሞ በበጋ ብቻ የሚከፈቱ፥ ድልድይ የሌላቸው ወንዞች የሚያቋርጧቸው ስለሆኑ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ለሌለው የተከለከሉ ናቸው።

በጁን ወር ሌሊቱ ፈጽሞ አይጨልምም፤ በሬይክያቪክ ፀሐይ የምትጠልቀው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ነጂው መድከሙን ሳያውቅ እንዲነዳ ስለሚያደርገው ሰዓት አይቶ ማረፍ ያስፈልጋል። በሬይኒስፍያራ ጥቁር አሸዋ ዳርቻም ባሕሩ ጸጥ ያለ መስሎ ሳለ ድንገት ረጅም ማዕበል ወጥቶ ሰው ስለሚወስድ ለውሃው ጀርባ መስጠት ክልክል ነው፤ በዚህ ቦታ ሕይወታቸውን ያጡ ጎብኚዎች አሉ። በመኪናዪቱ ውስጥም መስኮት ዘግቶ በጋዝ ማብሰል ወይም በምድጃው እሳት መሞቅ አይገባም። በአገራችን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ወላጆቻችን ዘወትር የሚነግሩን ነው፤ ነገሩ አንድ ነው።

ማታ የት ይታደራል? ቀድሞ መንገደኞች ደስ ባላቸው ቦታ ያድሩ ነበር። የጎብኚው ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ግን ሜዳው ቆሸሸ፥ ባለ ርስቶቹም አዘኑ። ስለዚህ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የጸናው የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ፥ ባለ መሬቱ ካልፈቀደ በቀር በማደሪያ መኪና ለማረፊያ ከተከለለ ቦታ ውጭ ማደርን ከልክሏል። በእነዚህ ቦታዎች አነስተኛ ዋጋ ተከፍሎ ውሃ፥ መጸዳጃና ማጠቢያ ይገኛል። በየከተማውም ማለት ይቻላል ከምድር በሚወጣ ፍል ውሃ የሚሞቅ መዋኛ አለ፤ መንገደኛው ገላውን በሳሙና ታጥቦ ይገባል፥ ከአገሬውም ሰው ጋር ይጫወታል። በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አንድ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል። የአይስላንድ ሰዎች አብዛኞቹ እንደ እኛ የቤተ ሰብ ስም የላቸውም፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፥ ሰውም የሚጠራው በራሱ ስም ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው ሕግ ከመንገድ ወጥቶ መንዳትን የሚከለክለው ነው። በዚያ አገር ቅልጥ ድንጋይ በቀዘቀዘበት ሜዳ ላይ በባዮሎጂ ትምህርታችን ሞስ የምንለው ለስላሳ አረንጓዴ ዕፅ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይታያል። ብርዱ ጽኑ፥ የዕድገት ወራቱም አጭር ስለሆነ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው። አንድ መኪና በአንድ ደቂቃ የምታልፍበት የጎማ ዱካ ለብዙ አሥር ዓመታት ሳይሽር ይኖራል። ሁለተኛው ነጂ የፊተኛውን ዱካ አይቶ መንገድ ይመስለዋል፤ ሦስተኛውም ይከተለዋል። ስለዚህ ነው ቅጣቱ ከባድ የሆነው።

ይህ ነገር የአይስላንድ ብቻ አይደለም። በአገራችንም ኤርታ ዓሌንና ዳሎልን፥ የባሌንና የሰሜንን ተራሮች ለማየት ብዙ መኪናዎች ይሄዳሉ፤ ከእኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣን በኋላ መሪ ጨብጠን ወይም እንግዳ እየመራን የምንሄድ አንጠፋም። የዳሎል ጨውም ሆነ የሳነቴ ሣር ጎማ ከረገጠው በኋላ እንደ ቀድሞው ለመሆን ጊዜ ይፈልጋል። እንግዲህ በሄድንበት ሁሉ መንገድ ሳንለቅ እንንዳ፥ የተዘጋውን አንለፍ፥ ቆሻሻችንን ይዘን እንመለስ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ምድሪቱን እኛ ባገኘናት ሁኔታ ያግኟት።