ንግግሩ ሲረጋ ሕመሙ ለቀቀ ማለት ነው?

ስኪዞፍሬኒያ የጠናበትን ወጣት «ቁርስ በላህ?» ብትሉት እንዲህ ሊመልስ ይችላል፦ «ዳቦው ከዳቦ ቤት ነው፤ ዳቦ ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ መንገዱን ቻይናዎች ሠሩት፤ አጎቴም ሩቅ ሄዷል።» ዐረፍተ ነገሮቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ስህተት የለባቸውም፤ የላላው ማያያዣቸው ነው። ቤተሰብ «ይቀባዥራል» ይላል፤ ሐኪሞች የሐሳብ መዛባት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1908 ለሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም ያወጣው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር፣ የሐሳብ ትስስር መላላትን ከሕመሙ ዋና ዋና ምልክቶች ቆጥሮታል።

መዛባቱ ግን መልኩን ይቀያይራል። ሕመሙ ገና ሳይለይ፣ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ወሬው ዙሪያ ጥምጥም ይሆናል፤ የጀመረውን ሳይጨርስ ይተወዋል። ያኔ «ፍቅር ይዞት ነው»፣ «ጫቱ ነው» ይባላል። ሲብስ ከርእስ ርእስ ይዘላል፣ ማንም የማያውቀው ቃል ይፈጥራል፣ መሐል ላይ ድንገት ዝም ይላል። ይህ ጩኸት የበዛበት ክፍል መድኃኒት ሲጀመር በሳምንታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይበርዳል።

ከወራት በኋላ ያንኑ ልጅ ጠይቁት።

«በላህ?»
«አዎ።»
«ምን?»
«ምግብ።»

«ተመስገን፣ ረጋ» ይባላል። እኔ ግን ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ናንሲ አንድሪያሰን የታማሚዎችን አነጋገር በዓይነት በዓይነቱ ለይታ አጥንታለች። እሷና ባልደረቦቿ ታማሚዎቹን ተከታትለው እንዳዩት፣ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የሚኖሩት ላይ መዘባረቁ ሲቀንስ እንዲህ ያለው የንግግር መንጠፍ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜት መነቃቃት) ያለባቸውም ሲታመሙ በጣም ይዘባርቃሉ፤ የእነሱ ግን በአብዛኛው ይጠራል።

የነጠፈውን ንግግር ጎረቤት ስንፍና፣ ወይም ኩርፊያ ያደርገዋል። ዝምታው ደግሞ ሁልጊዜ ከሕመሙ ብቻ አይመጣም፤ የመድኃኒቱ መጠን አደንዝዞት ወይም ድባቴ ተደርቦበት ሊሆን ይችላል። እነዚህ የሚስተካከሉ ስለሆኑ ለሐኪሙ መነገር አለባቸው። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕመሙ ከሚያገረሽባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የሁሉም ሰው መንገድ አንድ አይደለም። ጨርሶ የሚያገግም አለ፤ እየተመላለሰበት የሚኖርም አለ። ሊያገረሽ ሲል እንቅልፍ ይጠፋል፣ ወሬው እንደገና ይጠላለፋል። ያኔ ለሐኪሙ «መቀባዠር ጀምሯል» ከማለት ይልቅ የተናገረውን ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር እንዳለ፣ ሳያቃኑ ጽፎ መውሰድ ይሻላል። ቀኑንም ጨምሩበት።