ቴሌስኮፕና ጨለማ፦ ከእንጦጦ እስከ ሰላ ድንጋይ



ስለ ቴሌስኮፕ ሳስተምር አስቀድሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ስንት እጥፍ ያጎላል?» የሚል ነው። ዋናው ነገር ግን የሚሰበስበው ብርሃን ነው። በጨለማ የሰፋ የዓይን ብሌን ዲያሜትሩ 7 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የተተከሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት አላቸው። የሚሰበሰበው ብርሃን በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ አንዱ መስታወት ከአንድ ዓይን 20,000 እጥፍ ያህል ይቀበላል።

በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ኦብዘርቫቶሪ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ ከከባቢ አየሩ ሲሶ ያህሉ ከተመልካቹ በታች ይቀራል። ነገር ግን ከተራራው ሥር አዲስ አበባ አለች። የከተማ ብርሃን ሰማዩን ሲያፈካው ደብዛዛ ጋላክሲ ከጀርባው ካለው ሰማይ አይለይም። መስታወቱን ማሳደግም ብቻውን አያድንም፤ የኮከቡን ብርሃን ሲሰበስብ የከተማውንም አብሮ ይሰበስባልና። የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለሌላ ኦብዘርቫቶሪ መታሰባቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ሰላ ድንጋይ በ10 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አቅራቢያ ስለምንገኝ፣ በሚያዝያ ምሽት ትልቁን ድብ በሰሜን፣ የደቡብ መስቀልን በደቡብ በአንድ ጊዜ እናያለን። ብዙ አገሮች ይህን አላገኙትም። የሰሜን ኮከብ ግን ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ኮረብታ ወይም ጭጋግ በቀላሉ ይጋርደዋል። ምድር ስትዞር ኮከብን እየተከተለ የሚዞር መቆሚያ ዘንጉ ወደዚያው የሰማይ ዋልታ ማነጣጠር አለበት፤ ለአውሮፓ ኬክሮስ ታስበው የተሠሩ አንዳንድ መቆሚያዎች ደግሞ ይህን ያህል ዝቅ አይሉም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ይህ ይጠየቅ።

በሐምሌና በነሐሴ፣ ገበሬው የሚለምነው ደመና እኛን ሥራ ሲያስፈታን፣ ፕላኔታሪየም ይጠቅማል። ፕላኔታሪየም ከሰማይ አንዳች ብርሃን አይቀበልም፤ በጉልላቱ መካከል የቆመው ፕሮጀክተር ከዋክብትን በጣሪያው ላይ ይሥላል። የጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፕሮጀክተር እ.ኤ.አ. በ1923 ሙኒክ ላይ አሳየ። የአንድ ዓመት የፕላኔቶች ጉዞ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያልፍ ማየት ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ቢሆንም በጀቱ ጠባብ ከሆነ እኔ ጉልላቱን አዘገየዋለሁ። የ20 ሴንቲሜትር መስታወትና የማይነቃነቅ መቆሚያ አስቀድማለሁ። ከሁለቱም በፊት ግን የመንገድ መብራቶቻችን ወደ ላይ እንዳያበሩ ክዳን ይደረግላቸው፤ ለዚህ የውጭ ምንዛሬ አያስፈልግም።