ጊደር ልግዛ ወይስ ጊታር?

“ስሜ ይቆይ” ያለ የጊኒር ወጣት እንዲህ ሲል ይጠይቃል፦ “በኪራይ ጊታር በየሰርጉ ስጫወት ሦስት ዓመቴ ነው። አሁን ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ያቺን ሆዷ ክፍት የሆነች፣ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ያላትን ኤሌክትሪክ ጊታር እፈልጋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን ‘በዚህ ገንዘብ ጊደር አይገዛም ወይ?’ እያለ ይሟገተኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?”

ወንድምዓለም፣ የታላቅህ ሙግት ከንቱ አይደለም። ጊደር ብትከሳ እንኳ ገዢ አታጣም። አንገቷ የተጣመመ ጊታር ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አቧራ ከመጠጣት በቀር ሥራ የላትም። ደግሞስ ከአዲስ አበባ ሮቤ፣ ከሮቤ ጊኒር ተጭና መጥታ እንከን ቢወጣባት ማን ይመልስልሃል? ስለዚህ አስቀድመህ ዕወቃት።

ሆዷ ምን ይዟል?

የፈለግሃት ጊታር “ሴሚ ሆሎው” ትባላለች። ዋነኛዋ እናት ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣት ኢኤስ 335 ናት። ከዚያ በፊት የነበሩት ሆዳቸው ሙሉ ለሙሉ ባዶ የሆኑ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ድምፅ ከፍ ሲል ይጮኹ ነበር። ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ድምፅ ሆዱንና ክሩን ያንቀጠቅጣል፣ ያም ተመልሶ በአምፕሊፋየሩ ይወጣል... ማብቂያ የለውም! መፍትሔው መሀል ለመሀል ወፍራም እንጨት መክተት ሆነ። ግራና ቀኙ ባዶ፣ መሀሉ ድፍን።

ጩኸቱ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የብሉዝ ንጉሥ የሚባለው ቢ.ቢ. ኪንግ፣ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1980 “ሉሲል” ብሎ ያወጣለት ጊታር ጭራሹን ቀዳዳ እንዳይኖረው ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። አንተም ሰርግ ቤት ከአምፕሊፋየሩ ፊት ለፊት አትቁም፤ ጎን ያዝ።

ጥቅሟስ? መብራት ሲጠፋ ድፍኗ ጊታር ድምጿ ከትንኝ አይበልጥም። ይቺ ግን ቤትህ ቁጭ ብለህ ለመለማመድ የሚበቃ ድምፅ ትሰጥሃለች። ከዚያ በላይ አትጠብቅባት፤ ያለ አምፕሊፋየር ሰርግ አታደምቅም።

በመልክ አትሸወድ

በአነስተኛ ዋጋ በደንብ የተሠሩ አሉ። ኤፒፎን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የጊብሰን ንብረት ስለሆነ ኢኤስ 335ን በራሱ ስም በርካሽ ይሠራል፤ ቀደም ሲል “ዶት” በሚል ስም ይሸጣት የነበረችውም ጥሩ ናት። የጃፓኑ አይባኔዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው “አርትኮር” የሚባል ዘር አለው፤ ከዚያ ውስጥ ኤኤስ 73ን ፈልግ።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ኤፒፎን “ካሲኖ” ቁርጥ እህቷን ትመስላለች፤ ሆዷ ግን ሙሉ ባዶ ነው። አይባኔዝም “ኤኤፍ” የሚለው ባዶ ሲሆን “ኤኤስ” የሚለው መሀሉ ድፍን ነው። በአንድ ፊደል ተሳስተህ የምትጮህ ጊታር ይዘህ እንዳትገባ! ዋጋዋ እንደ ነፃ የሆነ፣ “ጊብሰን” የሚል ጽሑፍ ያለባት አዲስ ጊታር ካቀረቡልህ ደግሞ አመስግነህ ውጣ። አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው።

ሳትከፍል እነዚህን ፈትሽ

1. የስልክህን መብራት በቀዳዳዋ አስገባ። ወደ መሀል የእንጨት ግድግዳ ካየህ ድፍኑ አለ።

2. እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ አንገቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ እይ። ጥቂት ገባ ማለቱ ጤና ነው፤ ወደ ጎን መጠማዘዙ ግን በሽታ ነው።

3. ትዝታንና ባቲን ከታች እስከ 12ኛው ፍሬት ውጣባቸው። የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ አንዷ ብትሳሳት ወዲያው ታጋልጣለች። 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ የምታገኘው ድምፅ፣ ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ ከምታገኘው ጋር አንድ መሆን አለበት።

4. አምፕሊፋየር ላይ ሰክተህ ቁልፎቿን ሁሉ አዙር፣ የገመዱን መሰኪያም ወዝወዝ አድርግ። የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ተዋት። የዚህች ጊታር ሽቦ የሚጠገነው በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በኩል እየተጎተተ ነው፤ ሠሪውም እንደልብ አይገኝም።

ኪስህን አታራቁት

ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወዷል። ስለዚህ ያገለገለችም ብትሆን አትናቅ፤ በደንብ ከተያዘች ከአዲሷ አታንስም። ያለህን በሙሉ ግን ለእሷ አትጨርስ። ከአምስት እጅ አንዱን ለተለዋጭ ክር፣ ለገመድና ለጠንካራ ሳጥን አስቀር፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በጨርቅ ከረጢት የተጫነች ጊታር አንገቷን ይዛ አትደርስም።

ከአሜሪካ ዘመድ አምፕሊፋየር ልላክልህ ካለህ ደግሞ በጀርባው የተጻፈውን አስነብበው። የእነሱ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ሳታይ ብትሰካው ጭስ እንጂ ዜማ አይወጣም።

እንግዲህ ወደ ታላቅህ እንመለስ። በቃል አትሟገተው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ቅረብ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰርግ ተጫወትክ? ስንት ተከፈለህ? ከዚያ ውስጥ የጊታር ኪራይ ስንቱን በላው? ለኪራይ የሄደው በሁለት የሰርግ ወቅት ዋጋዋን የማይመልስ ከሆነ ታላቅህ ልክ ነው፤ ለጊዜው ኪራዩ ይሻልሃል። የሚመልስ ከሆነ ግን ጊደሯ ትንሽ ትቆይ። ጊታሯ ራሷ ትገዛታለች።