ሚዛናዊ ቡድን በምን ይለካል? የስብዕና ዓይነቶችና የተማሪዎች የፕሮጀክት ሥራ

ፈተናን ተማሪ ለብቻው ያልፋል፤ ለብቻውም ይወድቃል። የቡድን ፕሮጀክት ግን የአምስት ሰዎችን ስም በአንድ ሽፋን ላይ አስፍሮ አንድ ውጤት ለሁሉም ያድላል። ሌሊቱን ሲያሰላ ያደረውም፣ ስሙን ብቻ ያስመዘገበውም እኩል ይካፈላሉ። ጥሩ ሐሳብ ይዞ ዕድል ያጣ ዝምተኛ ተማሪ ደግሞ ያልተስማማበትን ድምዳሜ የራሱ አድርጎ ለመከላከል ይገደዳል። ስለዚህ «ማን ከማን ጋር ይመደብ?» የሚለው ጥያቄ የመመረቂያ ውጤትን፣ አንዳንዴም ወዳጅነትን የሚወስን ጉዳይ ነው። ለጥያቄው ከሚቀርቡት መልሶች አንዱ ተማሪዎችን በስብዕና ዓይነታቸው ለይቶ ማሰባጠር ነው። ሐሳቡ ምን ያህል ሳይንሳዊ መሠረት አለው?

በአገራችን የተሞከረው መንገድ

በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ማለትም ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ «አንድ ለአምስት» የተሰኘው አደረጃጀት በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች በስፋት ተዘርግቶ ነበር። በከፍተኛ ውጤቱ የተመረጠ አንድ ተማሪ መካከለኛና ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን አምስት ጓደኞቹን እንዲመራ ይደረግ ነበር። የአደረጃጀቱ ሚዛን የተመሠረተው በፈተና ውጤት ላይ ነው። በጥናት የላቀ ሁሉ ሌሎችን ማሠራት ይችላል የሚል ግምት በውስጡ አለ።

ይህን ግምት የሚፈትን ጥናት አኒታ ዊሊያምስ ዉሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ከሁለት እስከ አምስት አባላት ባሏቸው ቡድኖች የተከፋፈሉ 699 ሰዎች የተለያዩ ችግሮችን በጋራ እንዲፈቱ ተደረገ። የቡድኑ ብቃት ከአባላቱ አማካይ የአእምሮ ችሎታም ሆነ ከአንደኛው አባል ችሎታ ጋር የነበረው ዝምድና ደካማ ሆኖ ተገኘ። ይልቁንም አባላቱ የሌላውን ስሜት የመረዳት አቅማቸው ከፍ ያለባቸው፣ የንግግር ተራ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ያልተያዘባቸው ቡድኖች የተሻለ ሠሩ። ሴቶች በብዛት የሚገኙባቸው ቡድኖችም የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ ተመራማሪዎቹ ለዚህ በዋናነት የሰጡት ምክንያት ሴቶቹ ስሜትን በመረዳት መለኪያ የላቀ ነጥብ ማግኘታቸውን ነው።

ሰውን በዓይነት መክፈል

ሰውን በጠባዩ መመደብ የቆየ ልማድ ነው። የጥንት ግሪኮች ጠባይን ከአራት የሰውነት ፈሳሾች ጋር አያይዘውት ነበር። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርትም የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት እንደተገኘ ይነገራል። በዘመናዊው ሥነ-ልቦና ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ስብዕና ዓይነቶች መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ በመነሣት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ሰዎችን በአሥራ ስድስት ዓይነት የሚከፍል መጠይቅ አዘጋጁ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምሕንድስና መምህር የነበረው ዳግላስ ዋይልድ ይህንኑ መንገድ አሻሽሎ የዲዛይን ተማሪዎችን በቡድን ሲመድብበት ቆይቷል፤ ቡድኖቹም ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ሽልማት ማግኘታቸውን ጽፏል።

ይሁንና የቀድሞውን ከኋለኛው ዓመት ማነጻጸር ብቻ የለውጡን ምክንያት አያረጋግጥም። በመካከሉ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ የሥራው ዓይነትም ሊለወጥ ይችላልና።

መጠይቁ ራሱም ድክመት አለበት። ነገሩን በቁመት እንመስለው። 1.65 ሜትርን ድንበር አድርገን ከዚያ በላይ ያለውን «ረጅም»፣ በታች ያለውን «አጭር» ብንል፣ 1.64 እና 1.66 ሜትር የሆኑ ሁለት ተማሪዎች በተለያየ ዓይነት ይመደባሉ። 1.66 እና 1.90 ሜትር የሆኑት ግን «አንድ ዓይነት» ይባላሉ። ጠባይም እንደ ቁመት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚገኘው መካከሉ አካባቢ ነው። በዚህም ምክንያት መጠይቁን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግመው ከሞሉት መካከል ብዙዎቹ ከመጀመሪያው የተለየ ዓይነት ይደርሳቸዋል።

የዛሬው ሥነ-ልቦና ስለዚህ በዓይነት ፋንታ መጠንን ይለካል። በስፋት ተቀባይነት ያገኙት መለኪያዎች አምስት ናቸው፤ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ትጋትና ጥንቃቄ፣ ተግባቢነት፣ ለሰው ተስማሚነት፣ እንዲሁም ለጭንቀት ተጋላጭነት። ሱዛን ቤል እ.ኤ.አ. በ2007 በርካታ ጥናቶችን አጠቃልላ ስትመረምር፣ በእውነተኛ የሥራ ቦታ ባሉ ቡድኖች ዘንድ የአባላቱ አማካይ ትጋት ከሥራው ውጤት ጋር እንደሚዛመድ አገኘች። በተስማሚነት ረገድ ወሳኙ አማካዩ ሳይሆን የዝቅተኛው አባል ደረጃ ነው፤ አንድ አዋኪ ሰው የሌሎቹን መልካምነት ሊያከሽፍ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው ትጉሁን ከሰነፍ ማሰባጠር በራሱ ሚዛን እንደማይባል ነው። መሰባጠሩ የሚጠቅመው በዕውቀትና በሙያ ነው፤ ትጋት ግን ከሁሉም ይፈለጋል።

ገመድ ጎታቾቹ

ታዲያ ሰነፍ የሚባለው ሁሉ በተፈጥሮው ሰነፍ ነውን? የፈረንሳዩ የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ በጋራ የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥር ሲጨምር የእያንዳንዱ ድርሻ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ። የስምንት ሰዎች ቡድን ያስገኘው ኃይል የስምንቱ የተናጠል ኃይል ቢደመር ከሚሰጠው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር። ከፊሉ ጉድለት የመጣው አጎታተታቸው ባለመቀናጀቱ ነው። ከፊሉ ግን የማንም ድርሻ ተለይቶ ስለማይታይ ነው። ቢብ ላታኔና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጭብጨባና በጩኸት ባደረጉት ሙከራ፣ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ እንደሚለይ ሲነገረው ልግመቱ እንደሚጠፋ አረጋግጠዋል።

ገበሬው ይህን ያውቀዋል። በወንፈል ዛሬ በጎረቤቱ ማሳ ላይ የለገመ ሰው ነገ በራሱ ማሳ ላይ ይለገምበታል፤ ተራውና ባለዕዳው የታወቁ ናቸውና።

ከዳንግላ የውኃ ጉድጓዶች

የተለየ ድርሻ ያለውን ጥቅም ከሚያሳዩ የቅርብ ምሳሌዎች አንዱ በአዊ ዞን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጋር በመሆን በዳንግላ ወረዳ፣ በአንዲት የገጠር ቀበሌ፣ በነዋሪዎች የሚካሄድ የውኃ ልኬት ጀመሩ። የአካባቢው ሰዎች የዝናቡን መጠን በየዕለቱ፣ የአምስት ጉድጓዶችን የውኃ ከፍታ በየሁለት ቀኑ ይመዘግቡ ነበር፤ የሁለት ወንዞች ከፍታም ይለካ ነበር። መዝገቡ በዳንግላ ከተማ ካለው የሜትዎሮሎጂ ጣቢያና ከሌሎች ምንጮች ጋር ሲነጻጸር ለሳይንሳዊ ሥራ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 በሳይንሳዊ መጽሔት ታተመ። የልኬቱ ጥንካሬ ያረፈው በታወቀ ሥራ፣ በታወቀ ጊዜና በሚነጻጸር መዝገብ ላይ ነው።

አሁን በዳንግላ ዙሪያ የበጋ የጉድጓድ ውኃ አቀናነስን ሊያጠኑ የተነሡ አምስት ተማሪዎችን እናስብ። የስብዕና መጠይቅ ብቻ ቢመራቸው፣ ተጫዋቹን ወደ ባለጉድጓዶቹ ልከው ዝምተኛውን ከሰንጠረዥ ጋር ያስቀምጡት ይሆናል። ነገር ግን አዊኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ዝምተኛው ከሆነስ? የገበሬውን ንግግር በትዕግሥት የሚያዳምጠውስ እርሱ ቢሆን? «አንተ እንዲህ ዓይነት ሰው ነህ» የሚል ስያሜ ያለውን ችሎታ ይሸፍናል፤ ያልሞከረውንም እንዳይማር ያግዳል።

መጠይቁ ጨርሶ አይጠቅምም ማለት አይደለም። አባላት ስለ ራሳቸው አሠራር እንዲነጋገሩ መነሻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን አራት ነገሮች ቢወሰኑ ይበጃል። አንደኛ፣ ማን ምን እንደሚያውቅና ምን ቋንቋ እንደሚናገር ይዘርዘር። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልኬትና ምዕራፍ የሠራው ሰው ስም ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ የሰብሳቢነትና የጸሐፊነት ሚና በየሁለት ሳምንቱ ይዙር። አራተኛ፣ በስብሰባ ሁሉም ከመናገሩ በፊት ማንም ሁለት ጊዜ አይናገር።

እነዚህ ነገሮች ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል። በእኛ ዘንድ ቡድንን የሚያፈርሰው ጠብ ብቻ ሳይሆን ይሉኝታም ነውና። ጓደኛው ሲለግም እያየ ዝም የሚል ተማሪ ሸክሙን ለብቻው ተሸክሞ ቂሙን ለዓመታት ያቆያል። ቀድሞ የተፈረመ ስምምነት ካለ ግን ጥያቄው ከሰውየው ወደ ውሉ ይዞራል፤ «አንተ ሰነፍ ነህ» ማለት ቀርቶ «የማክሰኞው ልኬት የት አለ?» ማለት ይቻላል።